ሹሙ ሲወድቅ ሹመቱ ይቆማልን? የአገር ከፍተኛው የጦር ሹም ሚና ከደረስጌ እስከ ዛሬ



የዛሬው ርእሴ የአንድ አገር ከፍተኛው የጦር ሹም ምን ይሠራል፣ ምንስ መሥራት የለበትም የሚል ነው። ርእሱ ለዚህ አካባቢ ሰው የሩቅ የመንግሥት ጉዳይ አይደለም። በ2013 ዓ.ም ማብቂያ ጦርነቱ እስከዚህ ሲደርስ በዳባት ወረዳ፣ ጭና ተክለሃይማኖት ላይ በሰላማዊ ሰዎች የደረሰውን ግድያ የምታስታውሱት በሐዘን ነው። ጦር በሚያልፍበት መንገድ ዳር ለሚኖር ሕዝብ፣ ጦሩን ማን ያዝዘዋል፣ አዛዡስ ለማን ይታዘዛል የሚለው ጥያቄ የኑሮ ጥያቄ ነው።

ጥያቄውን ለመመለስ ወደ አውሮፓ ከመሄዳችን በፊት ከዚሁ ከስሜን እንጀምር።

ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ከስሜን ተነሥተው ትግራይን ጭምር የገዙ ታላቅ መስፍን ነበሩ። በ1834 ዓ.ም ከራስ ዓሊ ጋር ደብረ ታቦር ላይ ተዋጉ። የውቤ ጦር አሸነፈ፤ ራስ ዓሊም ሸሹ። ነገር ግን ድል አድራጊዎቹ በድሉ ደስታ ላይ ሳሉ የራስ ዓሊ ወገን የሆኑት ብሩ አሊጋዝ ደርሰው ውቤን ማረኳቸው። በሜዳው ያሸነፈው ጦር በአንድ ሰው መማረክ ተሸናፊ ሆነ። ውቤ በኋላ ተለቀው ግዛታቸውን መልሰው ቢይዙም፣ ነገሩ በየካቲት 1847 ዓ.ም ተደገመ። ከተራራው ወዲያ፣ በጃናሞራ፣ ደረስጌ ላይ ከደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ጋር ገጥመው ተሸነፉ፤ ተማረኩም። ካሣም በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ የካቲት 5 ቀን፣ ውቤ ራሳቸው ባሠሯት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንተርከው የጀግንነትና የዕድል ታሪክ አድርገን ነው። እኔ ግን የመንግሥት አሠራር ትምህርት አገኝበታለሁ። የዚያ ዘመን ገዥ፣ መስፍንም የጦር አበጋዝም ዳኛም ነበር። ጦሩ የሚያውቀው ሰውየውን እንጂ ሹመቱን አልነበረም፤ ስለዚህ ሰውየው ሲያዝ የሚቀጥል ነገር አልነበረም። ከሥሩ የነበሩት ማዕረጎችም የሚነግሩን ይህንኑ ነው። ፊታውራሪ ከፊት፣ ቀኝአዝማች ከቀኝ፣ ግራአዝማች ከግራ ይሰለፋሉ፤ ሁሉም የሚሰለፉት ግን በአንድ ድንኳን ዙሪያ ነው። ድንኳኑ ከተያዘ ቀኝም ግራም የለም።

ከዚህ የጌታና የሎሌ ሥርዓት ወደ ቋሚ ሹመት የተደረገው ጉዞ አዝጋሚ ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። ሹመቱ አዲስ ነበር፤ አሠራሩ ግን ገና የድሮው ነበር። ፊታውራሪ የራሳቸው ጦርና የራሳቸው ግዛት ነበራቸው። በ1909 ዓ.ም ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርዱም ሆነ በዚያው ዓመት በሰገሌ ጦርነት ድምፃቸው ከባድ የሆነው ከሹመቱ ይልቅ በዚህ ኃይል ምክንያት ነው። በ1919 ዓ.ም ሲያርፉ ጦራቸውን ራስ ተፈሪ ወደ ራሳቸው አዞሩት፤ ጦሩ እንደ ውርስ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ ማለት ነው።

ዛሬ የምንጠቀምበት «ጠቅላይ ኤታማዦር ሹም» የሚለው መጠሪያ ከሌላ ሐሳብ የመጣ ነው። «ኤታማዦር» ከፈረንሳይኛ የተወሰደ ሲሆን አንድን አዛዥ በመረጃ፣ በዕቅድ፣ በስንቅና በሰው ኃይል ጉዳይ የሚያግዙትን መኮንኖች ስብስብ ያመለክታል። ስለዚህ ስያሜው የጦር ጌታን አይገልጽም፤ የዕቅድና የዝግጅት ሥራ የሚመራ ሹምን እንጂ። ይህ ሥራ ምን ያህል እንደሚመዝን ለመረዳት ከዚህ ከተማ አጠገብ ያለውን ወልቅፊትን መመልከት ይበቃል። ያ ለመውጣት የሚከብድ አፋፍ ላይ የመሸገው የጣሊያን ጦር ጎንደር ከመውደቋ በፊት፣ በመስከረም 1934 ዓ.ም እጁን የሰጠው በአርበኞችና በእንግሊዝ ጦር ተከቦ ስንቁ ከመነመነ በኋላ ነው። ገደል ምሽግ ይሆናል፤ እህል ግን አያበቅልም። ይህን አስቀድሞ ማስላት የኤታማዦር ሥራ ነው።

የሹሙ ሥልጣን ወሰን ከአገር አገር ይለያያል። በአሜሪካ የጥምር ጦር ኤታማዦሮች ሊቀ መንበር ከፍተኛው መኮንን ቢሆንም፣ ከ1986 እ.ኤ.አ. ሕግ ወዲህ ዋና ሥራው ፕሬዚዳንቱን ማማከር ነው፤ ተዋጊ ጦርን በቀጥታ አያዝዝም። በእኛ አገር የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 74 ጠቅላይ ሚኒስትሩን የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ያደርጋል። አንቀጽ 87 ደግሞ የመከላከያ ሚኒስትሩ ሲቪል እንዲሆን፣ ሠራዊቱ የብሔር ብሔረሰቦችንና የሕዝቦችን ሚዛናዊ ተዋጽኦ ያካተተ እንዲሆን፣ ምንጊዜም ለሕገ መንግሥቱ ተገዢ እንዲሆንና ተግባሩን ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገንተኝነት ነጻ ሆኖ እንዲያከናውን ያዝዛል። ኤታማዦር ሹሙ የሚቆመው በእነዚህ ሁለት አንቀጾች መካከል ነው፤ ከላዩ የሲቪል ባለሥልጣን አለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሕጉ።

አንቀጽ መጻፍና በአንቀጽ መኖር ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም የክብር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞክሩ፣ ኤታማዦር ሹሙ ሜጀር ጄኔራል መርዕድ መንገሻ የምድር ጦሩን አሰባስበው ለዙፋኑ ቆሙ። በ1966 ዓ.ም ኤታማዦር ሹም፣ ቀጥሎም የመከላከያ ሚኒስትር የሆኑት ሌተና ጄኔራል አማን አንዶም ንጉሡ ከወረዱ በኋላ የደርግ ሊቀ መንበር ተደረጉ፤ በኅዳር 1967 ዓ.ም ግን ከደርጉ ጋር ተለያይተው ተገደሉ። ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም፣ እኔ ገና ተማሪ ሳለሁ፣ የጦር አለቆች ፕሬዚዳንቱ ወደ ምሥራቅ ጀርመን በሄዱበት ዕለት መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ፤ ኤታማዦር ሹሙ ሜጀር ጄኔራል መርዕድ ንጉሤና የአየር ኃይሉ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል አምሃ ደስታ ሙከራው ሲከሽፍ ሕይወታቸውን አጠፉ። በዓመቱ አሥራ ሁለት ጄኔራሎች ተረሸኑ። ያን ዕለት ሬዲዮ ከበን የተቀመጥን ወጣቶች እርስ በርስ የተጠያየቅነው «ማን አሸነፈ?» ብለን ነበር። የዕድሜዬ ትምህርት ሌላ ጥያቄ ሰጠኝ፤ የአገር ከፍተኛ የጦር ሹም ያመነበትን ለመናገር ከጠመንጃ በቀር መንገድ ያጣው ለምንድን ነው?

መልሱን አንድ ዓመት ወደ ኋላ ሄደን እናገኘዋለን። በ1980 ዓ.ም የናደው ዕዝ አዛዥ የነበሩት ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በመንግሥት ትእዛዝ ተረሸኑ። ብዙም ሳይቆይ፣ በመጋቢት፣ ዕዙ አፋበት ላይ ተደመሰሰ። ለሽንፈቱ ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩ። ይሁን እንጂ አዛዡ ሲረሸን ያየ መኮንን ከዚያ በኋላ ወደ ላይ የሚልከው ሪፖርት ምን እንደሚመስል መገመት አያዳግትም። አለቃው መስማት የሚፈልገውን ብቻ የሚሰማበት ጦር በካርታው ላይ ያሸንፋል፤ በመሬቱ ላይ ይሸነፋል።

እዚህ ላይ ተማሪዎች ዘወትር የሚጠይቁኝን ላንሣ፤ «ሹሙ በውሳኔው ካልተስማማ ምን ያድርግ?» ይሉኛል። ሦስት ደረጃዎችን ለይቼ እመልሳለሁ። ውሳኔው ገና ሳይወሰን፣ ቢከፋም እውነቱን መናገር ግዴታው ነው። ሕጋዊ ውሳኔ ከተወሰነ በኋላ ደግሞ መፈጸም፣ ሕሊናው ካልፈቀደም ሥልጣኑን መልቀቅ አለበት። ትእዛዙ ሕግን የሚጥስ ከሆነ፣ ለምሳሌ መሣሪያ ባልያዘ ሰው ላይ የሚያስተኩስ ከሆነ፣ አለመፈጸም ይገባዋል። ታንክ ማሰለፍ ግን ከሦስቱም ውስጥ የለም። ይህ እንዲሠራ ሹሙ ብቻውን ጨዋ መሆኑ አይበቃም፤ እውነት የተናገረ ሹም በሕይወቱና በክብሩ ወደ ቤቱ የሚሄድበት ሥርዓትም ያስፈልጋል።

በመጨረሻ ወደ ደረስጌ እንመለስ። ሰኔ 15 ቀን 2011 ዓ.ም ጠቅላይ ኤታማዦር ሹሙ ጄኔራል ሰዓረ መኮንን አዲስ አበባ ውስጥ ተገደሉ። በዚያው ምሽት ባሕር ዳር ላይ የክልላችን ርእሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኮንንና ባልደረቦቻቸው ተገደሉ። አገሪቱ ክፉኛ ደነገጠች፤ ሠራዊቱ ግን እንደ ውቤ ጦር አልተበተነም፤ በቀናት ውስጥም ጄኔራል አደም መሐመድ በቦታው ተተኩ። ሰውየው ወደቀ፣ ሹመቱ ቆመ። ከ1834ቱ የደብረ ታቦር ድንኳን ወዲህ የተጓዝነው መንገድ የሚለካው በዚህ ነው።

መንገዱ ግን አላለቀም። ሹመት መቆሙ ግማሹ ነገር ነው፤ ለማን ቆመ የሚለው ሌላው ግማሽ ነው። ውቤ ቤተ ክርስቲያኗን ሲያሠሩ፣ ድካማቸው ለሌላ ሰው ዘውድ እንደሚሆን አላሰቡም። እኛም በግብራችንና በልጆቻችን የምናቆመው ሠራዊት ነገ ማን እጅ እንደሚገባ አናውቅም። ስለዚህም ነው ከፍተኛው የጦር ሹም ከጌታ ይልቅ ለሕግ እንዲታዘዝ የምንፈልገው። ጌታ ይለወጣል፤ ጦሩ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ያለው የዳባት ገበሬ ግን እዚያው ነው።