ጭድ የሌለው ጭቃ

ቦሩ ሜዳ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው አፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870 ዓ.ም. የጠሩት የሃይማኖት ጉባኤ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን ከዚያ ዝቅ ያለ ነው፦ ጭቃ።

ከደሴ ወጣ ባለው በዚህ ደጋ የጭቃ ቤት ሲሠራ አፈሩ ይከመራል፤ መሃሉ ይጎደጎድና ውሃ ይሞላበታል፤ ጭድ እየተነሰነሰ በእግር ይረገጣል። የዚያኑ ዕለት አይመረግም፤ ለቀናት ይቦካል። ሸክላማ አፈር ሲደርቅ ስለሚኮማተር ብቻውን ከተመረገ ይሰነጠቃል። ጭዱ ስንጥቁን ከዚህና ከዚያ ጨብጦ እንዳይሰፋ ያደርገዋል፤ ጭቃው በበኩሉ ጭዱን አቅፎ ከቦታው እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። ቀጭንና ልስልስ የሆነው የጤፍ ጭድ ለልስን ይመረጣል። የገብሱ ወፈር ስለሚል ለመጀመሪያው ምርጊት ቢገባ አያስከፋም።

መሐንዲሶች እንዲህ ያለውን ውህድ ኮምፖዚት ይሉታል።

በፋብሪካ የጭቃውን ቦታ ሬዚን የተባለ የሚደርቅ ሙጫ፣ የጭዱን ቦታ የመስታወት ወይም የካርቦን ክር ይይዛል። ካርቦን ከመስታወቱ ይቀላል፤ ግትርነቱም 3 እጥፍ ግድም ነው። ዋጋው ግን አይቀመስም፤ ስለዚህ ለጀልባም ሆነ ብርሃን ለሚያስገባ የጣሪያ ቆርቆሮ በመስታወት ክር የሚሠራው ፋይበርግላስ ይበቃል። የዚህ ቀላሉ አሠራር በእጅ ነው፦ የመስታወት ክር ምንጣፍ በቅርጹ ላይ ይነጠፋል፣ ሬዚን በብሩሽ ይቀባል፣ በሮለር ይዳመጣል። ሮለሩ የሚያባርረው አየር ነው፤ ውስጥ የቀረች አረፋ ኋላ የስንጥቅ መነሻ ትሆናለችና። የጭቃ ረጋጭ ተረከዝም ሥራው ከዚህ ብዙ አይርቅም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአፍሪካ ቀድሞ እ.ኤ.አ. ኦገስት 2012 የተረከበው ቦይንግ 787 ከክብደቱ ግማሹ ኮምፖዚት ነው። እዚያ ብሩሽ አይሠራም። ሬዚን የጠጣ የካርቦን ጥብጣብ በማሽን ይነጠፍና አውቶክሌቭ በሚባል ግዙፍ ምድጃ ውስጥ በሙቀትና በግፊት ይበስላል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 12 ቀን 2013 ከአየር መንገዱ 787ዎች አንዱ ለንደን ሂትሮው ቆሞ ሳለ ከጅራቱ ፊት ያለው ጣሪያው ተቃጠለ። እሳቱ የተነሳው ከአደጋ ጊዜ ምልክት ማስተላለፊያው ባትሪ ነበር። አውሮፕላኑ ተጠግኖ ወደ በረራ ቢመለስም ጥገናው ወራት ወስዷል፤ የጭቃ ግድግዳ ቢሆን አንድ ባልዲ ጭቃና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃው ነበር።

በጭዱና በፋብሪካው ክር መካከል ቃጫ አለ። የቃጫ ክር ከመስታወት ክር በጣም ይቀላል፣ ርካሽ ነው፣ ሲቆረጥም እጅ አያሳክክም። ጉድለቱ ውሃ መጠጣቱና ከሬዚን ጋር በደንብ አለመጣበቁ ነው። በኮስቲክ ሶዳ ታጥቦ ቢደርቅ ሬዚኑን ይበልጥ ይይዛል፤ ውሃ ወዳድነቱ ግን ሙሉ በሙሉ አይለቀውም። የጭቃ ቤት ጠላትም ውሃ ስለሆነ ነው መሠረቱ በድንጋይ፣ ክፈፉ ረዘም ተደርጎ የሚሠራው። እናም ቃጫ ለኮርኒስና ለመኪና በር የውስጥ ሽፋን ያዋጣል፤ ለውሃ ታንከር ግን አይሆንም።