የሌሊቱ ጭምብል
ትንፋሹ በእንቅልፍ ለሚቋረጥ ሰው የጭምብል ዓይነትና የአየር ግፊት አመራረጥ

ማንኮራፋት በእኛ ዘንድ የጽኑ እንቅልፍ፣ አልፎም የጤንነትና የጥጋብ ምልክት ተደርጎ ሲታይ የኖረ ጉዳይ ነው። በጦር ሰፈር የሚያንኮራፋ ጓደኛ ለቀልድ ይሆናል፤ ሌሊት ጫማ ይወረወርበታል፤ ጧት ይሳቅበታል። በቤት ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በባሏ አጠገብ ነቅታ የምታድር ሚስት የማንኮራፋቱን ድምፅ ለምዳዋለች፤ የማትለምደው ድምፁ በድንገት ቀጥ የሚልበትን ጊዜ ነው። አሥር፣ ሃያ፣ አንዳንድ ጊዜም ሠላሳ ሴኮንድ ያህል ትንፋሽ አይሰማም። ከዚያ የተኛው ሰው ታንቆ እንደ ተለቀቀ ሁሉ በኀይል ይተነፍስና ማንኮራፋቱ እንደ ገና ይቀጥላል። ባልየው ጧት ሲነሣ ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያስታውስም። የዚህ ሕመም የመጀመሪያዋ ምስክር ሚስት ናት የምንለውም ስለዚህ ነው።

ሕመሙን ሐኪሞች አፕኒያ ይሉታል፤ በእኛ ቋንቋ የእንቅልፍ ትንፋሽ መቋረጥ ብንለው ይስማማዋል። ሰው ሲተኛ የጉሮሮው ጡንቻዎች ይላላሉ። ምላስና ለስላሳው ላንቃ ወደ ኋላ ይወድቁና የአየሩን መንገድ ይዘጋሉ። ደረትና ሆድ አየር ለመሳብ ይታገላሉ፤ አየሩ ግን አይገባም። በደም ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ሲቀንስ አንጎል ሰውየውን ለአፍታ ይቀሰቅሰዋል፤ መንገዱ ይከፈታል፤ እርሱም መንቃቱን ሳያውቅ ተመልሶ ይተኛል። ትንፋሽ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ5 እስከ 15 ጊዜ የሚቋረጥ ወይም በእጅጉ የሚቀንስ እንደ ሆነ ሕመሙ ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 ከሆነ መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ከሆነ ከባድ ይባላል። እንግዲህ ከባድ ሕመም ያለበት ሰው 7 ሰዓት ቢተኛ ትንፋሹ ከ200 ጊዜ በላይ ተደናቅፎ ያድራል ማለት ነው።

እንዲህ ያደረ ሰው በስም ተኛ እንጂ አላረፈም። ጧት ራሱን ይከብደዋል፤ ይረሳል፤ በትንሽ በትልቁ ይቈጣል፤ የደም ግፊቱም ከፍ ሊል ይችላል። ዘብ ቆሞ ሲያንቀላፋ የተገኘ ወታደር ሰነፍ ተብሎ ይቀጣል፤ ሰው የጫነ ካሚዮን የሚያሽከረክር ሾፌር መሪው ላይ ሲያንቀላፋ ደግሞ ቅጣቱ ለእርሱ ብቻ አይሆንም። በእኔ አስተያየት በየክፍሉ ያለ አለቃ ቀን ለቀን የሚያንቀላፋ ሰው ሲያጋጥመው ከመቅጣቱ በፊት «ሌሊት ታንኮራፋለህ ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ከተቻለም ባለቤቱን ቢያስጠይቅ፣ ሥራውን በደንብ ሠራ ይባላል።

እስከ 1980 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) ድረስ ለከባዱ ሕመም የነበረው ዋና መፍትሔ በአንገት ፊት ለፊት የአየር ቧንቧን መብሳት ነበር። በዚያ ዓመት በሰኔ ወር በአውስትራልያ፣ በሲድኒ ከተማ፣ በሮያል ፕሪንስ አልፍሬድ ሆስፒታል ኮሊን ሰሊቫን የተባሉ ሐኪም ይህን ቀዶ ሕክምና አልፈልግም ላለ አንድ ሕመምተኛ አዲስ ዘዴ ሞከሩ። አየር በሚነፋ ሞተር አማካይነት፣ በቱቦ በኩል፣ በአፍንጫው ውስጥ የማያቋርጥ መጠነኛ ግፊት እንዲገባ አደረጉ። ግፊቱ ጉሮሮውን ከውስጥ ደግፎ ክፍት አድርጎ አሳደረው። በ1981 ሰሊቫንና ባልደረቦቻቸው የአምስት ሕመምተኞችን ውጤት ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡ። የያኔው ጭምብል በየሌሊቱ ፊት ላይ በሲሊኮን የሚጣበቅ፣ ጧት የሚላጥ ነበር። ዛሬ መሣሪያው ሲፓፕ በሚለው ስሙ ይታወቃል፤ ራስጌ ላይ ከምትቀመጥ አነስተኛ ሬዲዮ የማይበልጥ ሆኗል፤ ጭምብሉም በጨርቅ ማሰሪያ ይያዛል።

ግፊቱ የሚለካው በሴንቲ ሜትር የውሃ ከፍታ ነው። ይህን ለመረዳት የፊዚክስ ትምህርት አያስፈልግም፤ እናት ከልጆቿ ጋር ሆና በቤት ልትሞክረው ትችላለች። ረዘም ባለ ብርጭቆ ውሃ ሙሉ፤ ቀጭን መቃ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ አጥልቁና አረፋ እስኪወጣ ድረስ ንፉ። አረፋው መውጣት ሲጀምር የነፋችሁበት ኀይል 10 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። በባሕር ጠለል ላይ ካለው የአየር ግፊት 1 ከመቶ ያህል ብቻ ነው። ሳንባን የሚጐዳ ዐውሎ ነፋስ የመሰላቸው ሰዎች በዚህ ሊጽናኑ ይገባል። መሣሪያዎቹ በአብዛኛው ከ4 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ባለው ክልል ይሠራሉ።

ጭምብሉ በሦስት ዐበይት ዓይነቶች ይከፈላል። የመጀመሪያው አፍንጫን ብቻ የሚሸፍን ነው። ሁለተኛው አፍንጫን ሳይሸፍን በሁለት ለስላሳ ጫፎች ቀዳዳዎቹ አፍ ላይ የሚቀመጥ ነው፤ ጢምና ሪዝ ላለው ሰው፣ ፊቱ ሲሸፈን ለሚጨንቀው፣ መነጽር አድርጎ ጥቂት አንብቦ መተኛት ለሚወድ ይመቻል፤ ግፊቱ ከፍ ሲል ግን የአፍንጫን ቀዳዳ ሊያደርቅና ሊያቆስል ይችላል። ሦስተኛው አፍንጫንና አፍን አንድ ላይ የሚሸፍነው ትልቁ ጭምብል ነው።

ብዙ ሰው «አፌን ከፍቼ ነው የምተኛው» በማለት በቀጥታ ወደ ሦስተኛው ይሄዳል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ትልቁ ጭምብል አገጭን ወደ ኋላ ሊገፋ ይችላል፤ አገጭ ወደ ኋላ ሲሄድ ምላስም አብሮ ይሄዳል፤ እንዲከፈት የምንፈልገውን መንገድ እኛው መልሰን እናጠብበዋለን። ስለዚህም በዚህ ጭምብል የሚታከሙ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከፍ ያለ ግፊት ያስፈልጋቸዋል፤ አየር የማፈትለኩም ነገር ይበዛባቸዋል፤ አቋርጠው የሚተዉትም ይበረክታሉ። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚ በ2019 ባወጣው መመሪያ በአፍንጫ በኩል የሚሠሩትን ዓይነቶች ማስቀደም እንደሚሻል አመልክቷል። አፉን ከፍቶ የሚተኛ ሰው ሁሉ አፍንጫው የተዘጋ አይደለም። ብዙዎቹ አፋቸውን የሚከፍቱት ጉሮሯቸው ስለሚታፈን ነው፤ ግፊቱ በአፍንጫ ገብቶ ጉሮሮውን ሲከፍተው አፋቸው ራሱ ይዘጋል። አፍንጫው በአለርጂ ወይም በጉዳት በእርግጥ የተዘጋ ሰው ግን አስቀድሞ አፍንጫውን መታከም፣ ያ ካልረዳው ትልቁን ጭምብል መያዝ ይገባዋል። የሚያስመልሰው ወይም ጭምብሉን በገዛ እጁ ማውለቅ የማይችል ሕመምተኛ ትልቁን ጭምብል ማድረግ የለበትም።

በአንድ የጦር ሰፈር የማውቃቸው አንድ ሾፌር ሃምሳ አለቃ ትልቁን ጭምብል ይዘው ከሆስፒታል ተመለሱ። ግፊቱ 13 ነበር። ሌሊቱን አየሩ በዓይናቸው በኩል እየተፈተለከ አላስተኛቸው አለ፤ ማሰሪያውን በሳቡት መጠን ባሰ፤ የአፍንጫቸው አጥንት ቆሰለ። በዘጠነኛው ሌሊት አውልቀው ሣጥን ውስጥ ከተቱት። ባለቤታቸውን ሁኔታው እንዴት እንደ ሆነ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ እሱ ዕቃውን ቆለፈበት፤ እኔም ተመልሼ ትንፋሹን መቁጠር ጀመርኩ። ሃያ አምስት ድረስ ቆጥሬ ካልተነፈሰ በክርኔ እጎስመዋለሁ። ታዲያ እኔስ መቼ ልተኛ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። «እትዬ፣ ዕቃውን እንደ ያዛችሁ አብራችሁ ሐኪሙ ዘንድ ሂዱ፤ የቆጠሩትንም እርስዎ ራስዎ ይንገሩት» አልኳቸው። ሄዱ። ሐኪሙ አፍንጫቸውን መርምሮ ክፍት ሆኖ ስላገኘው የአፍንጫ ጭምብል ሰጣቸው፤ ግፊቱንም እንደ ገና አስለክቶ ወደ 10 አወረደው። ጭምብል ሲለወጥ የግፊቱ ነገርም እንደ ገና መታየት አለበት የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ወታደር በተለይ የሚሳሳተው በማሰሪያው ነው። የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭምብል ሲያጠልቅ ጠበቅ አድርጎ እንዲያስር ተምሯል። የዚያ ተግባር የውጭው አየር እንዳይገባ ማገድ ነው። የሌሊቱ ጭምብል አሠራር የዚያ ተቃራኒ ነው፤ አየሩ ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል፤ የሲሊኮኑ ቀጭን ጠርዝም በዚያው አየር ተነፍቶ ፊት ላይ ይለጠፋል። ሲጠብቅ ጠርዙ ይጨማደዳል፤ ማፈትለኩም ይብሳል። ስለሆነም ጭምብሉ የሚስተካከለው ቁጭ ተብሎ ሳይሆን በአልጋ ላይ ተጋድሞ፣ መሣሪያው እየሠራ፣ ግፊቱም ወደ ሌሊቱ ልክ ደርሶ ነው። ፊት በቅባት ከወዛ ጠርዙ ይንሸራተታል፤ ከመተኛት በፊት ፊትን በሳሙና መታጠብ ይበጃል። ጭምብሉ ላይ የሚታዩት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ግን ሆን ተብለው የተሠሩ ናቸው። የተቃጠለው አየር የሚወጣባቸው ስለሆኑ በፕላስተርም ሆነ በብርድ ልብስ ሊደፈኑ አይገባም።

በጦር ሜዳ ቆስሎ ፍንጣሪ በአካሉ ውስጥ ያለ ወታደር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለበት። አንዳንድ ጭምብሎች ማሰሪያቸው የሚያያዘው በማግኔት ነው። በ2022 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ስለ እነዚህ ማግኔቶች ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተተከለለት፣ በአንጎሉ የደም ሥር ላይ የብረት መቆንጠጫ ያለበት፣ በዓይኑ ውስጥ የብረት ስባሪ የቀረበት ሰው እንዲህ ያለውን ጭምብል እንዳይጠቀም ይመከራል። ይህ ጥንቃቄ በአጠገቡ የሚተኛውንም ሰው ይመለከታል። ፍንጣሪው በባል ወይም በሚስት ፊት፣ አንገት ወይም ደረት ውስጥ ካለ ለሐኪሙ አስቀድሞ መንገር፣ ያለ ማግኔት በፕላስቲክ መቆለፊያ የሚታሰር ጭምብልም መጠየቅ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ግፊቱ እንመለስ። ትክክለኛው ግፊት የሚባለው ጉሮሮን ክፍት አድርጎ የሚያሳድር ዝቅተኛው ግፊት ነው። ይህ በሁለት መንገድ ይገኛል። አንደኛው በእንቅልፍ መመርመሪያ ክፍል አንድ ሌሊት አድሮ፣ ባለሙያው ግፊቱን ቀስ በቀስ ከፍ እያደረገ የሚያገኘው ነው። ሁለተኛው ራሱን በራሱ የሚያስተካክል መሣሪያ በተወሰነ ክልል ውስጥ ትንፋሹን እየተከታተለ ግፊቱን ከፍና ዝቅ የሚያደርግበት ነው። ይህን ክልል ከ4 እስከ 20 ክፍት አድርጎ መተው ቀላል ቢመስልም ለብዙ ሰው አይበጅም። በ4 የሚጀምር ሰው አየር ያነሰው መስሎት ይጨነቃል፤ ሌሊት በድንገት ወደ ላይ ሲወጣ ደግሞ ጭምብሉ እያፈሰ ይቀሰቅሰዋል። ጥቂት ሌሊቶች ካለፉ በኋላ መሣሪያው የመዘገበውን አይቶ ክልሉን የሚያጠብበው ሐኪሙ ነው። ቁልፉን እየነካኩ በግምት ከፍ ማድረግ አደገኛ ነው፤ የበዛ ግፊት በአንዳንድ ሰው ላይ አንጎል ራሱ የመተንፈስን ትእዛዝ እንዲያቋርጥ ያደርጋል። ለመነሻው የሚረዳ ቀስ ብሎ ከፍ የማለት ሥርዓት፣ ትንፋሽ ሲወጣ ግፊቱን በትንሹ የማላላት ሥርዓትም በብዙዎቹ መሣሪያዎች ላይ አለ፤ እነዚህ የምቾት ስለሆኑ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ መሞከር ይቻላል።

የሚስት ምስክርነት እዚህም አያልቅም። ባል ጭምብሉን አድርጎ ሲያንኮራፋ ከተሰማ ግፊቱ አንሷል ወይም አየር ያፈሳል። በዓይን በኩል ፉጨት ካለ ጥፋቱ የጭምብሉ ነው። ጧት ሆዱ ተነፍቶ የሚያገሳ ከሆነ አየር እየዋጠ ስለሆነ ግፊቱ መታየት አለበት። አፉ ደርቆ ከተነሣ በአፉ በኩል አየር አምልጧል። መሣሪያውም ጧት በመስኮቱ ላይ በሰዓት የቀረውን የትንፋሽ መቋረጥ ያሳያል፤ ቍጥሩ ከ5 በታች ሲሆን ሕክምናው እየሠራ ነው።

ስለ ከፍታ ጥቂት ልበል። ከሰመራ ወደ ደብረ ብርሃን የተዛወረ ሰው የሚተነፍሰው አየር ሳስቷል። ዘመናዊው መሣሪያ ይህን ራሱ ለይቶ ያስተካክላል። ይህ ሥርዓት የሌለው አሮጌ መሣሪያ ግን በባሕር ጠለል ልክ ከተሞላ በአዲስ አበባ ከፍታ የሚሰጠው ግፊት ሩብ ያህል ሊጎድል ይችላል፤ በ10 የተሞላው ከ8 በታች ሆኖ ሰውየው እንደ ገና ማንኮራፋት ይጀምራል። በከፍተኛ ቦታ የሕመሙ ጠባይም ሊለወጥ ስለሚችል ዝውውር የደረሰው ሕመምተኛ በአዲሱ ቦታ መታየቱ አይከፋም።

በውጭ አገር ያለ ዘመድ ያገለገለ መሣሪያ ሲልክም ደስታው መርማሪ ይሁን። ፊሊፕስ ሬስፒሮኒክስ ከሚያዝያ 26 ቀን 2021 በፊት የሠራቸውን ብዙ መሣሪያዎች፣ በውስጣቸው ያለው የድምፅ መቀነሻ ስፖንጅ ሊፈረፍርና ሊተን ስለሚችል በዚያው ዓመት በሰኔ ወር እንዲሰበሰቡ አስታውቋል። የዕቃው ተከታታይ ቍጥር ይታይ። ማጣሪያው፣ ቱቦውና ጭምብሉ አዲስ ይሁኑ፤ ግፊቱ የቀድሞው ባለቤት ልክ ስለሆነ እንዳለ አይወሰድ። የኀይል ማገናኛው ላይ «100–240 ቮልት» የሚል ከተጻፈበት በእኛ መብራት ያለ ትራንስፎርመር ይሠራል።

መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? በአፍንጫ ጭምብል የተኛ ሰው አፉን ከፍቶ ይተነፍሳል፤ ትልቁ ጭምብል ደግሞ መሣሪያው ሲቆም ለውጭ አየር የሚከፈት የደኅንነት በር አለው። ይሁንና መብራት ቶሎ የማይመለስ ከሆነ ጭምብሉን አውልቆ በጎን መተኛት ይሻላል። ባትሪ ያለው ቤት የአየር ማርጠቢያውንና የቱቦውን ማሞቂያ ቢያጠፋ ባትሪው በጣም ይረዝምለታል፤ ኀይሉን አብዝቶ የሚበላው ሞተሩ ሳይሆን ሙቀቱ ነውና። በማርጠቢያው ውስጥ የሚቀረውን ውሃ ጧት ጧት መድፋት፣ ዕቃውን ማድረቅ፣ ማታ በተጣራ ውሃ እንደ ገና መሙላት ነው።