ሥራ የፈታ ልጅና የጅራፍ ጩኸት

ነሐሴ ሲገባ በየመንደሩ አመሻሽ ላይ የሚሰማ አንድ ድምፅ አለ። ከሩቅ ሲሰሙት ጥይት ይመስላል፤ ቀርበው ሲያዩት ግን ከቃጫ የተገመደ ጅራፍ የያዘ የዐሥር ዓመት ልጅ ነው። ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው ቡሄ እስኪደርስ ድረስ ልጆች ጅራፍ ሲገምዱ፣ ሲያስጮኹና ሲፎካከሩ ይሰነብታሉ። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት ይህ ድምፅ በደብረ ታቦር የተሰማው የአብ ድምፅ ምሳሌ ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ከዚያ ያነሰ ነው፤ ያ ልጅ ጅራፉን ለማስጮኽ የሚያስፈልገውን ጊዜ ከየት ያገኛል? ጊዜው ለምን እንደሚያስፈልገው ለመረዳት ግን በቅድሚያ ጅራፉ ለምን እንደሚጮኽ ማየት ይገባል።

«ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» ይላል ተረቱ። በፊዚክስ ዓይን የሚጮኸው አየሩ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። የልጁ እጅ በሰከንድ 10 ሜትር ይንቀሳቀሳል ብንል፣ የጅራፉ ጫፍ ከድምፅ ለመቅደም ከእጁ 34 ጊዜ መፍጠን አለበት ማለት ነው። ይህን የሚያስችለው የጅራፉ ቅርጽ ነው። ልጁ እጁን ወደ ፊት ሰንዝሮ በድንገት ሲገታ በገመዱ ላይ አንድ እጥፋት ይፈጠርና ወደ ጫፉ ይሮጣል። ጅራፉ ከእጀታው ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ፣ እጥፋቱ በገፋ ቁጥር የሚንቀሳቀሰው መጠነ ቁስ ያንሳል፤ ከእጁ የተቀበለው ኢነርጂ ግን ለአየርና ለሰበቃ ከሚከፈለው በቀር አብሮት ስለሚጓዝ ፍጥነቱ ይጨምራል። የእንቅስቃሴ ኢነርጂ የሚያድገው በፍጥነት ስኩዌር ነውና፣ ፍጥነቱ 30 እጥፍ እንዲሆን መጠነ ቁሱ 900 ጊዜ ማነስ ይኖርበታል። እጥፋቱ የድምፅን ፍጥነት ሲያልፍ የሚፈጥረው የግፊት ሞገድ ነው ወደ ጆሯችን የሚደርሰው።

ተመራማሪዎች ይህን በፈጣን ካሜራ ቀርጸው ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1958 ነው፤ የእጥፋቱን ድርሻ በሒሳብ የተነተነው በአሪዞና ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ጥናት የወጣው ደግሞ በ2002 ነው። አሜሪካዊው አብራሪ ቸክ ዬገር በአውሮፕላን ከድምፅ የቀደመው እ.ኤ.አ. በ1947 መሆኑን ስናስታውስ፣ እረኞቻችን ሳያውቁት ከእርሱ ቀድመው የድምፅን ፍጥነት ሲጥሱ ኖረዋል ማለት ነው።

ልጁ ከዚህ ሁሉ አንዱን አያውቅም። ይሁን እንጂ ጫፉ የወፈረ ጅራፍ እንደማይጮኽ፣ እጅ በጊዜው ካልተገታ ድካሙ ከንቱ እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል። ያወቀውም ሠርቶ፣ አልሆን ሲለው ፈትቶና እንደገና ገምዶ ነው። እኛ በቤተ ሙከራ ለተማሪ ልናስተምረው የምንደክመው ይኸንኑ ነው።

ኅብረተሰባችን ለሥራ ፈትነት ያለው ጥላቻ የቆየ ነው፤ «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» እስከ ማለት ደርሷል። ዛሬ በከተማ የሚኖርና አቅም ያለው ወላጅ ይህን ፍርሃት ወደ ጊዜ ሰሌዳ ለውጦታል። ጠዋት የክረምት ትምህርት፣ ከሰዓት በኋላ አስጠኚ፣ ቅዳሜ ኮምፒዩተር፣ እሑድ ሙዚቃ። ነገሩ የጥቂቶች ችግር ነው የሚል አንባቢ ቢኖር አንቃወምም፤ በገጠር ብዙ ልጆችን ከጨዋታ የሚከለክላቸው አስጠኚ ሳይሆን እንስራና ከብት ነው። ሆኖም አቅሙ የተገኘ እንደሆነ መጀመሪያ የሚገዛው ነገር የልጁን ባዶ ሰዓት መሙያ መሆኑ ያሳስበናል።

እ.ኤ.አ. በ2014 ከኮሎራዶ የወጣ አንድ ጥናት የስድስትና የሰባት ዓመት ልጆችን የሳምንት ውሎ ከወላጆቻቸው ጠይቆ መዝግቦ ነበር። በአዋቂ የማይመራ ጊዜ የበዛላቸው ልጆች፣ ማንም ሳይነግራቸው ራሳቸው ግብ አውጥተው ሐሳባቸውን በመምራት በሚለካ ፈተና የተሻለ ውጤት አሳዩ፤ የተደራጀ ፕሮግራም የበዛባቸው በአንጻሩ ዝቅ አሉ። ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸው አንዱ የሌላው መንሥኤ ነው አያሰኝም፤ ተመራማሪዎቹም ይህን አልሸሸጉም። እኛን ግን ውጤቱ አላስገረመንም። ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል ሰጥተን የመመሪያውን ወረቀት ስንነፍጋቸው በብዛት የምንሰማው ጥያቄ «መጀመሪያ ምን እናድርግ?» የሚል ነው። እነዚህ በፈተና ከፍተኛ ነጥብ ያመጡ ልጆች ናቸው። አምፖሉ ቢበራም ባይበራም የሚጎዳ ነገር እንደሌለ ብንነግራቸውም እጃቸው አይዘረጋም።

ከወቀሳው ራሳችንን አናወጣም። ለልጃችን የክረምት ሰሌዳ በገዛ እጃችን አስምረን ግድግዳ ላይ ለጥፈን ነበር። አንድ ሳምንት አስጠኚው ታመመ። ልጁ በመጀመሪያው ቀን ከክፍል ክፍል እየተመላለሰ «ምን ልሥራ?» ሲል ዋለ፤ ትዕግሥታችንን የፈተነው ያ ቀን ነበር፤ ቴሌቪዥኑን ልንከፍትለትም ዳድቶን ነበር። በማግስቱ ከጎረቤት ልጅ ጋር የልብስ ማስጫ ገመድ ቆርጦ ጅራፍ ሠራ። አልጮኸም። ሦስት ቀን ሙሉ አልጮኸም። የምናውቀውን እኩልታ ሁሉ በአፋችን ይዘን በመስኮት ስናይ የግቢው ዘበኛ «ጫፉ ወፈረብህ እኮ፣ ልጄ!» ብለውት አለፉ፤ ከዚህ በላይ አንዲት ቃል አልጨመሩም። እኛ ብንሆን ግማሽ ሰዓት እናብራራ ነበር። በአራተኛው ቀን የገመዱን ጫፍ ፈትተው፣ አሳስተው፣ እንደገና ገመዱት። ጩኸቱ ሲሰማ ከቤት የወጣነው እኛ ቀድመን ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ ብዙዎቻችሁ ክረምት ቤተሰብ ዘንድ ስትመለሱ «ታናናሾችህን አስጠና»፣ «እኅትሽን ሒሳብ አሳያት» መባላችሁ አይቀርም። አስጠኑ፤ ከሰዓት በኋላውን ግን ልቀቁላቸው። ነሐሴ ላይ ገመድ ፈልገው ከመጡ ከዓይን የሚርቅ ሰፊ ሜዳ አሳዩአቸው፤ እናንተም ከ100 ሜትር ላይ ቆማችሁ እጁ በተሰነዘረበትና ድምፁ በደረሰበት ቅጽበት መካከል ያለውን ጊዜ ለመለካት ሞክሩ። ሰከንድ ሲሶ እንኳ አይሞላምና በእጅ ሰዓት መለካቱ አስቸጋሪ ነው፤ እንዴት እንደተወጣችሁት ጻፉልን። የጅራፉን ርዝመት፣ የእጀታውንና የጫፉን ውፍረት፣ ስንት ጊዜ ተሞክሮ ስንት ጊዜ እንደጮኸም መዝግቡ። መለኪያውን መያዝ የሚፈልጉት ታናናሾቹ ከሆኑ ስጧቸው።