የጓሮ ዕቃ ቤት፦ ከመቁረጥ በፊት መለካት

የመጀመሪያው ዝናብ ጣለ። የመንደሩ ሰው በሬውን ጠምዶ ወደ እርሻ ወጣ። እኔ የተቀመጥኩበት ቤት አባወራ ግን ጓሮ ቆመው ሞፈራቸውን ያገላብጣሉ። ሞፈሩ በጋውን ሙሉ ከግድግዳ ተደግፎ ፀሐይና ጤዛ ሲፈራረቁበት ከርሟል። ጫፉን ምስጥ በልቶታል፤ መሀሉም ተሰንጥቋል። ማረሻው ዝጓል። መሮው የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። መጥረቢያ ከጎረቤት ተዋሱ፤ እንጨት ፈልገው አዲስ ሞፈር ጠረቡ። በዚህ መሀል ሦስት ቀን አለፈ። መሬቱ ሲለሰልስ ሦስት ቀን መቅረት ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም፤ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

«ዕቃ ቤት ቢኖረኝ ይኸ ሁሉ አይመጣብኝም ነበር» አሉኝ።

መከሩ እንደገባ አብረን ሠራን። ስንሠራም ተሳሳትን። ይህን የምጽፈው የእኛን ስሕተት እናንተ እንዳትደግሙት ነው።

በመጀመሪያ፣ ቤቱ ምን ሊሠራ ነው?

የጓሮ ዕቃ ቤት ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ፣ የእርሻ ዕቃን ከዝናብ፣ ከፀሐይና ከምስጥ ይጠብቃል። ሁለተኛ፣ ዕቃ የሚታደስበት የሥራ ቦታ ይሆናል። ዝናብ በሚጥልበትና እርሻ በማይወጣበት ቀን ገበሬው እዚያ ቁጭ ብሎ እርፍ ይጠርባል፤ ማጭድ ይሞርዳል፤ ምራን ያበጃል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ያሏችሁን ዕቃዎች በደብተር ጻፉ። ሞፈር፣ ቀንበር፣ እርፍ፣ ድግር፣ ማረሻ፣ ዶማ፣ አካፋ፣ መንሽ፣ ላይዳ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ እያላችሁ አንድም ሳታስቀሩ ጻፉ። ከእነዚህ ረጅሙን ለኩ። ረጅሙ ሞፈር ነው፤ ከ3 ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ቤቱ 3 ሜትር ብቻ ቢሆን ሞፈሩ አይጋደምበትም። ስለዚህ የእኛን ቤት ርዝመቱን 4 ሜትር፣ ወርዱን 3 ሜትር አደረግነው።

ቦታውን መምረጥ

አንደኛ፣ ክረምት ውሃ የሚተኛበት ቦታ አይሁን። ጎርፍ ባለፈው ክረምት በየት እንዳለፈ አስታውሱ። ሁለተኛ፣ የእሳት ፍንጣሪ እንዳይደርስበት ከማድቤት ይራቅ። ሦስተኛ፣ ሌባ እንዳይደፍረው ከመኖሪያ ቤት የሚታይ ይሁን። አራተኛ፣ ነፋስ ዝናቡን ከየት አቅጣጫ እንደሚያመጣው ተመልከቱ። የቤቱ ጀርባ ወደዚያ ይዙር፤ በሩ በሌላው ጎን ይሁን።

መለኪያው አንድ ይሁን

እኛ የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። አንዱን ጎን እኔ በክንዴ ለካሁ። ፊት ለፊቱን አባወራው በክንዳቸው ለኩ። ሁለታችንም 8 ክንድ አልን፤ ችካል ተከልን፤ ጉድጓድ ቆፈርን። ኋላ አባወራው ራቅ ብለው አዩና፣ «ልጄ፣ ይኸ ቤት እኮ ወደ አንድ ጎን ጠበበ» አሉኝ። ለካ ክንዳቸው ከእኔ ክንድ ይረዝማል! አራት ጉድጓድ ደፍነን እንደገና ቆፈርን። አስተማሪ ተብዬ የመጣሁት እኔ በጣም አፈርኩ።

ስለዚህ ከሱቅ ወይም ከትምህርት ቤት ሜትር ተዋሱና አንድ ቀጥ ያለ ዘንግ ልክ 1 ሜትር አድርጋችሁ ቁረጡ። ቤቱ እስኪያልቅ በዚያ ዘንግ ብቻ ለኩ።

ጥጉ ቀጥ ማለቱን ለማወቅም ቀላል መንገድ አለ። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ወርዱ 3 ሜትር የሆነ ቤት ጥጎቹ ትክክል ከሆኑ፣ ከአንዱ ጥግ በሰያፍ እስከ ማዶው ጥግ ሲለካ ልክ 5 ሜትር ይመጣል። ገመድ ወጥራችሁ ሁለቱንም ሰያፍ ለኩ። አንዱ ረዝሞ ሌላው ካጠረ ችካሎቹን አንቀሳቅሱ። ሁለቱም 5 ሜትር ሳይሆኑ ጉድጓድ አትቆፍሩ።

እንጨቱን መቁጠር

ቤቱን ዙሪያውን ስንለካ 4 እና 3 እና 4 እና 3፣ በድምሩ 14 ሜትር ነው። በየ1 ሜትሩ አንድ ቋሚ ብንተክል 14 ቋሚ ይበቃናል። ጣራችን ቆርቆሮ ስለሆነ ውሃው ወደ ኋላ እንዲወርድ የፊቱን ከፍታ 2 ሜትር ተኩል፣ የኋላውን 2 ሜትር አደረግን። እያንዳንዱ ቋሚ ግማሽ ሜትር መሬት ውስጥ ይገባል። ይህን ደምረን እንዲህ ጻፍን፦

የፊት ቋሚ 5፣ ቁመቱ 3 ሜትር።
የኋላ ቋሚ 5፣ ቁመቱ 2 ሜትር ተኩል።
የሁለቱ ጎን ቋሚ 4፣ ቁመቱ 3 ሜትር፤ ትርፉ ከተተከለ በኋላ ይቆረጣል።
ከቋሚዎቹ አናት የሚጋደም አግዳሚ 2፣ ከ4 ሜትር በላይ።
ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ ወራጅ 5፣ ቁመቱ 4 ሜትር ከሩብ።

ማገሩን በዚሁ ዓይነት አስቡት። በሩ በሁለት የፊት ቋሚዎች መሀል ይገባል። ወደ ጫካ ወይም ወደ ገበያ የምትሄዱት ይህን ወረቀት ይዛችሁ ነው። አጥሮ የተቆረጠ እንጨት አይቀጠልም፤ በትርፍ የተቆረጠም ገንዘብና ድካም ይበላል።

ክዳኑ ሣር ከሆነ ግን ይህ ጣራ አይሆንም፤ ተዳፋቱ ትንሽ ነው። የሣር ጣራ በጣም ቁልቁል ካልሆነ ውሃ ያሰርጋል፤ ሣሩም ቶሎ ይበሰብሳል።

ከምስጥና ከውሃ መጠበቅ

የባሕር ዛፍ እንጨት ቅርፊቱ ተልጦ ይድረቅ። መሬት የሚገባውን ጫፍ በእሳት ለብለብ አድርጉት። ይህ ምስጥን ያዘገየዋል እንጂ ጨርሶ አያስቀረውም። ስለዚህ ቤቱ ካለቀ በኋላም ቋሚዎቹን እየዞራችሁ ተመልከቱ። ምስጥ ከመሬት ተነሥቶ በእንጨቱ ላይ የጭቃ መንገድ ሲሠራ ካያችሁ ወዲያው ፋቁት።

ለግድግዳው ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡኩት። በውሃ እያራሳችሁ ለጥቂት ቀናት ይቆይ፤ ደግማችሁ ርገጡት። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ አትደንግጡ። ስንጥቁን በሁለተኛው ምርጊት ድፈኑት። ከግድግዳው ሥር ድንጋይ ደርድሩ። ጣራው በዙሪያው ግማሽ ሜትር ያህል ይውጣ፤ ጠፈጠፉ ግድግዳውን እንዳይመታው ነው። ከላይ በኩል ቦይ ቆፍራችሁ ጎርፉን አዙሩት፤ ወደ ጎረቤት ማሳ ወይም ወደ ጉድጓድ ውሃ ግን እንዳይሄድ።

ይህ ሁሉ ሥራ በበጋ ቢሆን ይሻላል። ጭዱ ከአውድማ ይገኛል፤ ጭቃውም ሳይታጠብ ይደርቃል።

ውስጡ እንዴት ይሁን?

ሞፈርና ቀንበር ግድግዳ ተደግፈው አይቁሙ፤ ይጎብጣሉ። ከግድግዳው ጠንካራ ኩላብ አውጥታችሁ በላዩ አጋድሟቸው። ዶማና አካፋ መሬት ሳይነኩ ይሰቀሉ። ማረሻውን ከመስቀላችሁ በፊት ጭቃውን አራግፋችሁ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፤ ጥቂት ዘይት ከተገኘ ቀቡት፤ አይዝግም። ማጭድና መጥረቢያ ልጅ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ይሁኑ። የተባይ መድኃኒት ካለ በራሱ ዕቃ እንዳለ በሣጥን ተቆልፎ ይቀመጥ፤ በመጠጥ ጠርሙስ በፍጹም አይገልበጥ፤ እህልም አጠገቡ አይድረስ።

ለሥራው ብርሃን ያስፈልጋል። ከበሩ አጠገብ ትንሽ መስኮት ተዉና ከሥሩ ወፍራም የመጥረቢያ ግንድ አስቀምጡ። መዶሻው፣ መሮው፣ ሞረዱ ከዚያ በላይ እጅ በሚደርስበት ይሰቀሉ። ሠሪው ለመፈለግ መነሣት የለበትም።

የመጨረሻው ነገር

የእኛ ቤት ሲያልቅ አባወራው ከሰል አንሥተው ከበሩ በስተ ውስጥ፣ በጣውላው ላይ፣ ቀስ እያሉ ጻፉ። «ዶማ ለጎረቤት ማክሰኞ» ይላል። የተዋሰው ሰው ሲመልስ በእርጥብ ጨርቅ አጠፉት። ከዚያ ወዲህ የሚጠፋ ዕቃ የለም፤ «ወስደሃል፣ አልወሰድኩም» የሚባል ጠብም የለም። ፊደል የቆጠሩት በዚያው ዓመት ነበር።

እናንተም መሬቱን ከመቆፈራችሁ በፊት ደብተሩን ክፈቱ። ቁጥሩን ጻፉ፤ ደምሩ፤ ደግማችሁ ቁጠሩ። ማንበብ ላልጀመረ ጎረቤታችሁ ይህን ጽሑፍ አንብቡለት። ቋሚ በምትተክሉበት ቀን እሱ ደግሞ በጉልበቱ ያግዛችኋል።