በቀን አምስት ፖስት… ከዚያስ?

ዛሬ መጻፍ የማይፈልግ ወጣት አለ? ያለ አይመስለኝም። በየሰፈሩ፣ በየካፌው አንድ «ባለ ቻናል» አይጠፋም። አንዱ የኳስ ወሬ ይጽፋል፣ ሌላው የፍቅር ምክር፣ ሌላዋ የሥራ ማስታወቂያ። ሲጀመር እሳት ነው! በቀን አምስት፣ በቀን ስምንት ጽሑፍ ይለጠፋል። ሁለት ወር ሳይሞላ ግን… ጭጭ! ቻናሉ ሰው እንደለቀቀው ቤት ሸረሪት ያደራበታል። ለምን ይሆን?

ጥያቄውን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በቅርቡ አርሲ ውስጥ፣ ሁሩታ ላይ፣ ከአንዲት የ23 ዓመት ወጣት ጋር ረዘም ያለ ወሬ አውርተን ነበር። ስሟን እንዳልጠቅስ አደራ ብላኛለችና «የሁሩታዋ ልጅ» እያልኩ ልቀጥል። ሁሩታን ለማታውቋት፣ ከኢተያ ብዙም ሳትርቅ የምትገኝ የሎዴ ሂጦሳ ወረዳ ከተማ ናት። ዙሪያዋ ስንዴና ገብስ ነው።

ልጅቷ ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ ስታጣ ቴሌግራም ላይ ቻናል ከፈተች። የገበያ ዋጋ፣ የሥራ ማስታወቂያ፣ የከተማውን ወሬ ትጽፋለች። ሰው ወደዳት። ተከታዮቿ ሦስት ሺህ ደረሱ። ሁለት ባለ ሱቆችም ለማስታወቂያ ጥቂት ብር ይከፍሏት ጀመር። ብሩ ብዙ ባይሆንም እናቷን ሳትጠይቅ የምታወጣው የመጀመሪያ ገንዘቧ ነበር።

«ከዚያ ፉክክር መጣ» አለችኝ። «ሌላው በቀን አምስት ሲለጥፍ እኔም አምስት ማለት ጀመርኩ። አምስት ከየት ይመጣል? ኮፒ ፔስት ነዋ!»

አንድ ማታ ደክሟት ሳለ «ማዳበሪያ ነገ ጠዋት መከፋፈል ይጀምራል» የሚል ጽሑፍ ከሌላ ቻናል አንስታ ለጠፈች። ጽሑፉ ያለፈው ዓመት ነበር። ቀኑን አላየችውም። በማግስቱ አንድ አዛውንት ገበሬ፣ ልጃቸው ከስልክ አንብቦላቸው፣ አህያቸውን እየነዱ ገና በጠዋቱ ከተማ ገቡ። የተባለው ማዳበሪያ የለም። ያን ቀን የእርሻ ሥራቸውን ትተው፣ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

«መንገድ ላይ አገኙኝ» አለች። «“ልጄ፣ የጻፍሽው አንቺ ነሽ አሉ” ብቻ ነው ያሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አባባ ይቅርታ ከማለት በቀር ቃል ከአፌ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ስልኬን ማየት አስጠላኝ። ልተወው ወይስ ልቀጥል?»

እኔ የመለስኩላት «ቀጥዪ፣ አሯሯጥሽን ግን ቀይሪ» ብዬ ነው። ምን ማለቴ እንደሆነ ላብራራ።

ከአሰላ ሯጭ እንማር

የአርሲ ልጅ ሆኖ ስለ ሩጫ መካሪ የሚያስፈልገው ያለ አይመስለኝም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር፣ ሲመለስም 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደነበር ደጋግሞ ተናግሯል። ሲሮጥ ግራ ክንዱን አጠፍ የሚያደርገውም ደብተር ከመያዝ የቀረ ልማድ ነው ይባላል። ያኔ ጭብጨባ የለ፣ ካሜራ የለ፣ ላይክ የለ! እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ግን በ10 ሺህ ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ነበር። እኔ እንደሚመስለኝ ያቺ ቅንጣት የመጣችው ማንም ሳያየው ከሮጠባቸው ጠዋቶች ነው።

ልብ በሉ! ሯጭ በየቀኑ ይለማመዳል እንጂ በየቀኑ ኦሊምፒክ አይወዳደርም። የኛ ባለ ቻናሎች ችግር እዚህ ላይ ነው። ልምምዱንና ውድድሩን አንድ አድርገውታል። የጻፉትን ሁሉ ይለጥፋሉ፤ የሚለጥፉት ሲያጡ ደግሞ የሰው ያነሳሉ። መጻፍ በየቀኑ፣ መለጠፍ ግን በሳምንት ሁለቴ ወይም ሦስቴ ይሁን። የዚህ ሁሉ ምክር ሥሩ ይኸው ነው።

የፖስታ ቤቱ ሰውዬ

«እኔ ሥራ አለብኝ፣ ጊዜ የለኝም» የምትሉ ደግሞ እንግሊዛዊውን ደራሲ አንቶኒ ትሮሎፕን ተመልከቱ። ይህ ሰው የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበር። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ጠረጴዛው ዘንድ ይቀመጥና ሰዓቱን ፊቱ አስቀምጦ በየ15 ደቂቃው 250 ቃል ይጽፋል። እንቅልፍ እንዳያሸንፈው ለሚቀሰቅሰው ሽማግሌ አሽከር በዓመት 5 ፓውንድ ተጨማሪ ይከፍል ነበር! አዲስ ከመጻፉ በፊት ደግሞ ለግማሽ ሰዓት ያህል የትናንቱን ያነባል። ሰውዬው ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1883 በታተመው የሕይወት ታሪኩ ይህን ሁሉ ራሱ ተርኮታል። በዚህ ዓይነት 47 ልብ ወለዶች ጽፏል።

እኛ 47 አልተመኘንም። የሱን ሩብ ሰዓት ግን መዋስ እንችላለን።

የ45 ደቂቃው ልምምድ

ለሁሩታዋ ልጅ የሰጠኋት ይህንን ነው። ለእናንተም ይሆናል።

1ኛ/ ሰዓት ይወሰን። «ሲመቸኝ» የሚባል ሰዓት የለም። እሷ የመረጠችው ጠዋት ነው፤ እናቷ ቡና እስክታፈላ ድረስ ያለውን ጊዜ። የታክሲ ረዳት የሆነ ማታ ይምረጥ። ዋናው ነገር በየቀኑ አንድ ሰዓት ላይ መሆኑ ነው።

2ኛ/ የመጀመሪያው 15 ደቂቃ ለትናንቱ። የትናንቱን ጽሑፍ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ምላስ የሚሰናከልበት ቦታ የአንባቢም ዓይን ይሰናከልበታል። ትርፍ ቃል ሰርዙ። ጋዜጣ ቤት አርታኢ አለ፤ የእናንተ አርታኢ ግን በመሐል ያለፈው ሌሊት ብቻ ነው። ማታ «ጉድ የሚያሰኝ» የመሰላችሁ ጽሑፍ ጠዋት ሲነበብ ያሳፍራል። ማዳበሪያዋም አንድ ሌሊት አድራ ቢሆን ኖሮ ቀኗ በታየ ነበር!

3ኛ/ ሁለተኛው 15 ደቂቃ ለአዲሱ። ባለ 50 ሉክ ደብተር ግዙና በእጅ ጻፉ። ስልክ ላይ ከጀመራችሁ አንድ መልዕክት ይመጣል፣ ከዚያ አንድ ቪዲዮ፣ ከዚያ… ሄዳችኋል! ደግሞም መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቋረጣል። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ኢንተርኔት በአገሪቱ ለሳምንታት ተዘግቶ እንደነበር አንረሳም። ደብተር ግን ማንም አይዘጋውም።

4ኛ/ የመጨረሻው 15 ደቂቃ ለማጣራት። ሦስት ጥያቄ ብቻ፦ ማን አለ? መቼ አለ? እኔስ ማንን ጠየቅሁ? አንዱ መልስ ካጣ ጽሑፉ ይቆይ። ይህ ለሕሊና ብቻ አይደለም። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ጥፋቱ ከ5 ሺህ በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ላይ ከተፈጸመ ቅጣቱን ያከብደዋል። ተከታይ ሲበዛ ሸክሙም አብሮ ይበዛል።

5ኛ/ አንድ ቀን እረፍት። እግርም እጅም ያርፋል። በዚያ ቀን የሌላ ሰው ጥሩ ጽሑፍ አንብቡ።

አንድ ቀን ቢያመልጣችሁስ? በማግስቱ እጥፍ ልጻፍ አትበሉ! በማግስቱ የማግስቱን ብቻ ጻፉ። ብዙ ሰው የሚወድቀው ያመለጠውን አካክሳለሁ ሲል ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ?

ምን ልጻፍ?

«እዚህ ሁሩታ ምን አለ ብዬ ልጻፍ?» ብላኝ ነበር። ወይ ጉድ! የአዲስ አበባ ልጅ የሌለው ስንት ነገር አላት መሰላችሁ? ከአሰላ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ በስንዴ ምርምሩ አገር ያውቀዋል። ስለ ዋግ በሽታ አንድ ባለሙያ ጠይቆ በቀላል አማርኛ የሚጽፍ ሰው የስንት ገበሬ ማሳ ይጠቅማል? የአሰላ ብቅል ፋብሪካስ ምን ዓይነት ገብስ ነው የሚፈልገው? ይህን ጠይቆ መጻፍ ከውጭ አገር ዘፋኝ ወሬ አይሻልም?

አጻጻፉም ቢሆን የራስ ይሁን። «የኑሮ ውድነቱ ከፍተኛ ደረጃ ላይ መድረሱ ይታወቃል» ብሎ መጻፍ ማንም ይችላል፤ ማንም ግን አያነበውም። «የሰፈራችን ዳቦ ዋጋው እዚያው ሆኖ በመዳፌ ውስጥ መጥፋት ጀምሯል» በሉ እስቲ። አንባቢው ዳቦውን ያየዋል።

«ኤአይ አለ አይደል፣ ለምን እደክማለሁ?» የሚልም አይጠፋም። የፊደል ስህተት ቢያርምላችሁ አልጠላም። ግን ዛሬ ሁሩታ ገበያ ወርዶ የጤፍ ዋጋ አይጠይቅላችሁም። አዛውንቱን ገበሬ ይቅርታ የሚጠይቅላችሁም የለም።

እንዴት ሆነች?

ከተነጋገርን ሁለት ወር ሊሆነን ነው። ሰሞኑን ደውላልኝ ነበር። መጀመሪያ ያደረገችው ስህተቷን በራሷ ቻናል ላይ በግልጽ ማረም ነው። የጥንቱን ጽሑፍ በድብቅ ማጥፋት አልፈለገችም። የተሳደበ ተሳደበ፣ የወጣም ወጣ። ተከታዮቿ ሦስት ሺህ አይሞሉም አሁን፤ አንዱ ባለ ሱቅም ማስታወቂያውን አቋርጧል። አልዋሻችሁም፣ ገቢዋ ቀንሷል።

ግን በሳምንት ሦስት ጽሑፍ ትለጥፋለች፤ ሦስቱም የራሷ ናቸው። ግድግዳዋ ላይ በሰቀለችው የቀን መቁጠሪያ የጻፈችበትን ቀን በእስክሪብቶ ታከብበዋለች። «ላይክ መቁጠር ትቼ ክብ ነው የምቆጥረው» አለችኝ እየሳቀች። ባለፈው ሳምንት ስለ ዘር ዋጋ የጻፈችውን ሰዎች «እውነት ነው ወይ?» ብለው አልጠየቋትም። «ቀኑ መቼ ነው?» ነው ያሏት። ልዩነቱ ይገባችኋል? አምነዋታል ማለት ነው።

ታዲያ እናንተስ? ነገ ጠዋት ደብተርና እስክሪብቶ አዘጋጁ። ለ15 ደቂቃ ጻፉ፤ ለማንም አታሳዩ። ከነገ ወዲያም እንዲሁ። በ30ኛው ቀን የመጀመሪያውን ገጽ ገልጣችሁ ከመጨረሻው ጋር አስተያዩት። ከማንም ምክር በላይ የሚመክራችሁ እሱ ነው።

መልካም የመጻፍ ጊዜ ይሁንላችሁ!