አዲስ ፒስቶን ከመግዛት በፊት የአሮጌው መበላሸት ምክንያት ይፈለግ

ለገጠር ልማት ሥራ የተሰማራ ሞተር ብስክሌት በቆመ ጊዜ አብሮት የሚቆመው ሥራ ብዙ ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ከቀበሌ ወደ ቀበሌ መዘዋወሩን ያቋርጣል፤ በበረዶ ሣጥን የተጫነ የከብት ክትባት በወቅቱ ካልደረሰ ቅዝቃዜውን ያጣና ከጥቅም ውጭ ይሆናል፤ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ጥያቄ የሰፈረበት ወረቀትም ወረዳ ሳይደርስ ይሰነብታል። ስለዚህ የሞተር ጥገና የመካኒክ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን፣ ለጥገናው ገንዘብ የሚፈቅደው የገበሬ ማኅበር መሪም ጉዳይ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ከተሠሩት ሞተር ብስክሌቶች መካከል ቱ ስትሮክ የሚባሉት ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ይገኙበታል። ለምሳሌ ያህል ያማሃ ኤ ጂ 100 ከመነሻው ለእርሻ አገልግሎት ታስቦ የተሠራ ሲሆን፣ የሲሊንደሩ ስፋት 52 ሚሊ ሜትር፣ ፒስቶኑ የሚመላለስበት ርዝመት 45.6 ሚሊ ሜትር፣ መጠኑም 97 ሲሲ ነው። ዛሬ አዲስ የሚገዙት አብዛኞቹ ባለ አራት ምት ቢሆኑም፣ በእጁ ባለ ሁለት ምት ያለው ማኅበር የሞተሩን የላይኛውን ክፍል በራሱ ሰዎች ሊያድስ ይችላል። ይህም የሚሳካው ፒስቶኑን መለወጥና በሽታውን ማዳን የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ሲታወቅ ነው።

የአሠራሩ ቅለትና አደጋው

በባለ አራት ምት ሞተር ኮሎው ሁለት ጊዜ ሲዞር ካንዴላው አንድ ጊዜ ያቀጣጥላል፤ በባለ ሁለት ምቱ ግን በእያንዳንዱ ዙር ያቀጣጥላል። ቴስታታው ላይ ቫልቮላ የለም። በሲሊንደሩ ግድግዳ ያሉትን የነዳጅ መግቢያና የጢስ መውጫ መስኮቶች የሚከፍተውና የሚዘጋው ራሱ ፒስቶኑ ነው። በመሆኑም የላይኛው ክፍል ሲባል ቴስታታው፣ ሲሊንደሩ፣ ፒስቶኑ፣ ፋሻዎቹና ፒስቶኑን ከቢየላው ጋር የሚያያዘው ስፒኖቶ ማለት ነው።

አደጋው ደግሞ ፒስቶኑን የሚያለሰልሰው ዘይት ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ገብቶ አብሮ የሚቃጠል መሆኑ ነው። ዘይቱ ወይም ቤንዚኑ ያነሰ እንደሆነ ፒስቶኑ በደቂቃዎች ውስጥ ሊጎዳ ይችላል።

ከጉርድ ሾላ እስከ ሸዋ ሮቢት

የግብርና ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ከሚገኝበት ከጉርድ ሾላ ተነስቶ በአያት፣ በለገጣፎና በሰንዳፋ በኩል ወደ ደብረ ብርሃን የሚወስደው መንገድ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ማስረጃ ነው። ጉርድ ሾላ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች፤ ከበላይዋ ያለው የእንጦጦ ተራራ ከ3000 ሜትር ይበልጣል። በጉርድ ሾላ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አራተኛ ገደማ ያንሳል፤ በእንጦጦ ራስ ላይ ደግሞ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራቶር በደጋ ላይ ከሚያስፈልገው በላይ ቤንዚን ይሰጣል። ካንዴላው ይጠቁራል፤ ጉልበት ይቀንሳል፤ ጢስ ይበዛል።

ይህን ለማስተካከል መካኒኩ ጂግለር የሚባለውን የቤንዚን ማሳለፊያ በጠበበው ይለውጠዋል። ይህም ለደጋው ትክክል ነው። ነገር ግን ያው ሞተር ከ3000 ሜትር በላይ የሆነውን ጣርማ በር አልፎ በደብረ ሲና በኩል ወደ 1300 ሜትር ገደማ ወደሆነው ሸዋ ሮቢት ሲወርድ አየሩ ይወፍራል። በጠባቡ ቀዳዳ የሚያልፈው ቤንዚን ለዚያ አየር አይበቃም፤ ፒስቶኑ ከመጠን በላይ ይግላል፤ ያብጣል፤ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር ይያያዛል። በዚህ ላይ ነጂው ቁልቁለቱን የነዳጅ እጀታውን ዘግቶ በማርሽ ብቻ ከወረደ ሞተሩ በኃይል እየዞረ ዘይት የሚደርሰው በጥቂቱ ነው። ስለዚህ በረዥም ቁልቁለት በየጊዜው እጀታውን ትንሽ ከፈት ማድረግ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ሞተሩ ተያይዞ ሲቆም ፒስቶኑ ብቻ ተለውጦ ጂግለሩ እንዳለ ቢቀር፣ ሁለተኛውም ፒስቶን በዚያው መንገድ ይሄዳል፤ ማኅበሩም ለአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

አሮጌው ፒስቶን ምን ይላል?

ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት በሚገባ ይታጠብ፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ወደ ውስጥ ከገባች ሥራው ሁሉ ከንቱ ይሆናልና። ማርሚታውና ካርቡራቶሩ ከወረዱ በኋላ የቴስታታው ዳዶዎች በመስቀለኛ ቅደም ተከተል ጥቂት በጥቂቱ ይላላሉ። ሲሊንደሩ ሲነሳ በቢየላው ዙሪያ ያለው ክፍት ቦታ በንጹሕ ጨርቅ ይደፈን።

የወጣው ፒስቶን አይጣል። በቅድሚያ ይመርመር።

በጢስ መውጫው በኩል ብቻ የተጫረ እንደሆነ የቤንዚን ወይም የዘይት ማነስ ያመለክታል። በአራት ማዕዘን የተጫረ እንደሆነ ከመጠን በላይ ግሏል፤ ወይም ሳይሞቅ በኃይል ተነድቷል። በነዳጅ መግቢያው በኩል ደብዝዞ የተበላ እንደሆነ የአየር ፊልትሮው አቧራ አሳልፏል ማለት ነው። ራሱ የተበሳ ወይም የቀለጠ ከሆነ ደግሞ የተሳሳተ ካንዴላ፣ የቤንዚን ማነስ ወይም በነጭ ጋዝ የተበረዘ ቤንዚን ይጠረጠራል።

ቤንዚኑ የሚያንሰው በጂግለሩ ብቻ አይደለም። የካርቡራቶሩ ማያያዣ ጎማ ከተሰነጠቀ ወይም በኮሎው ጫፍ ያለው ፓራኦሊዮ ካለቀ የማይፈለግ አየር ይገባል። ቢየላውም ወደ ላይና ወደ ታች ተጎትቶ ይሞከር፤ ወደ ጎን ትንሽ መንቀሳቀሱ የሚጠበቅ ሲሆን፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚናጋ ከሆነ ግን ችግሩ ከታችኛው ክፍል ስለሆነ ሞተሩ ወደ ጋራዥ ይላክ።

ልኬቱ

በፒስቶኑና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ክፍተት ከአንዲት የራስ ጠጉር ውፍረት ያነሰ ነው። ስለዚህ በዓይን ግምት አይሠራም። በገጠር ሊሠራ የሚችል አንድ ቀላል ፍተሻ አለ፤ ይኸውም አዲሱን ፋሻ ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብቶ በፒስቶኑ ራስ ገፋ በማድረግ ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ ካደረጉ በኋላ፣ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ስስ የብረት ቅጠሎች ባሉት መለኪያ መለካት ነው። ልኬቱ መስኮቶቹን በማይነካ ቦታ አንድ ጊዜ ከላይ፣ አንድ ጊዜ ከታች ይወሰዳል። ከላይ ያለው ክፍተት ከታችኛው በ0.15 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ሲሊንደሩ ከላይ በ0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ ሰፍቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሲሊንደር ወደ ሬቲፊካ ቤት ተወስዶ በትክክለኛ መሣሪያ ይለካ። መስፋት ካለበትም በቅድሚያ ከመደበኛው በ0.25 ወይም በ0.50 ሚሊ ሜትር የሚበልጠው ፒስቶን ይገዛና ሲሊንደሩ በፒስቶኑ ልክ ይሰፋ። አስቀድሞ አስፍቶ በኋላ ፒስቶን መፈለግ ስሕተት ነው።

መልሶ ማገጣጠም

ከሬቲፊካ የተመለሰ ሲሊንደር በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠብ፤ በነጭ ጨርቅ ሲጠረግ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ መታጠቡ ይደገም። ከዚያም ዘይት ይቀባ። በፒስቶኑ ራስ ላይ ያለው ቀስት ወደ ጢስ መውጫው ይዙር። በፋሻው ቦይ ውስጥ ያለችው ትንሽ የብረት እሾህ በፋሻው ሁለት ጫፎች መካከል መዋሏ ይረጋገጥ፤ ካልሆነ ፋሻው ይሰበራል። ስፒኖቶውን የሚይዙት የሽቦ ቀለበቶችና ጓርኒሲዮኖቹ አዲስ ይሁኑ። ዳዶዎቹ በመስቀለኛ ቅደም ተከተል፣ በአምራቹ መጽሐፍ በተመለከተው ልክ ይጥበቁ።

የዘይት ፓምፕ ያለው ሞተር ከሆነ በቱቦው ውስጥ ያለው አየር እስኪወጣ ድረስ ይፍሰስ፤ ለመጀመሪያው ታንከርም በአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ያህል የቱ ስትሮክ ዘይት መጨመር ጥንቃቄ ነው። ሞተሩ ሠርቶ ሲቀዘቅዝ ዳዶዎቹ እንደገና ይፈተሹ። በመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትሮች ጭነት ከማብዛትና እጀታውን እስከ መጨረሻው ከመክፈት መቆጠብ ይገባል።

ከመሪዎች የሚጠበቀው

የማኅበር መሪ መካኒክ እንዲሆን አይጠበቅበትም። ለጥገና የወጣ ገንዘብ ከመጽደቁ በፊት ግን ሦስት ነገሮችን መጠየቅ ይችላል። አንደኛ፣ የተለወጠው አሮጌ ዕቃ ይመለስና ይታይ። ሁለተኛ፣ የሲሊንደሩና የፋሻው ልኬት በቁጥር ተጽፎ ይቅረብ። ሦስተኛ፣ የብልሽቱ ምክንያት ምን እንደነበረና ምን እንደተደረገለት በጽሑፍ ይገለጽ። ሦስተኛው ጥያቄ መልስ ካላገኘ ሞተሩ ቢነሳም ተጠግኗል ለማለት አይቻልም። የእነዚህን መልሶች ቅጂ በአንድ ደብተር መያዝ፣ ሞተሩ ለሥራ የሚሄድበትንም አገር ደጋና ቆላ አብሮ መመዝገብ ለቀጣዩ ጥገና ትልቅ መመሪያ ይሆናል።