ላሚቱ ሳትሸጥ ውሃው ይታይ



ዛሬ የምንነጋገረው በብዙ ቤት ስለሚያከራክር ጉዳይ ነው። ከብት ቀንሰን አትክልትና ፍራፍሬ እናልማ ወይስ አባቶቻችን እንዳደረጉት ከከብታችን ጋር እንቀጥል? ጎረቤቱ ሽንኩርት ሸጦ ቤቱን ቆርቆሮ ሲያለብስ ያየ ሰው፣ በማግስቱ ላሙን እየነዳ ገበያ ይወጣል። የጎረቤቱ ሽንኩርት ማሳ ላይ ሲበሰብስ ያየ ደግሞ «እኔስ ከከብቴ አልለይም» ይላል። ሁለቱም ቸኩለዋል። እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው።

ለውጡን ምን አመጣው?

ምሳሌ የሚሆነን በጎጃም፣ በሜጫ፣ በመራዊ ከተማ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ ነው። የቆጋ ወንዝ ወደ ግልገል አባይ ይገባል፤ ግልገል አባይም ጣና ይገባል። በቆጋ ላይ የተሠራው ግድብ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውሃ እንዲይዝ የተሠራ ነው። እንዲያጠጣ የታቀደውም 7,000 ሄክታር ያህል መሬት ነው። በ2003 ዓ.ም. አካባቢ መስኖው ሥራ ሲጀምር ለገበሬው ሁለት ነገር መጣ። አንደኛ፣ በበጋ ውሃ አገኘ። ሁለተኛ፣ ከጋራ ግጦሹ ሰፊው ቦታ በግድቡ ውሃ ተዋጠ።

ከዚያ በፊት ከብት በበጋ ምን ይበላ ነበር? እህሉ ከተነሳ በኋላ ማሳው ለሁሉም ክፍት ነበር። የማንም ከብት በማንም ማሳ ይውል ነበር። መስኖ ሲመጣ ግን ማሳው በበጋም አረንጓዴ ነው። አንዱ ሽንኩርት ተክሎ ሌላው ከብቱን ቢለቅ ጠብ ነው፣ ሽማግሌ ነው፣ ካሳ ነው። እንግዲህ ብዙ ገበሬ ከብቱን የቀነሰው ከብት ስለጠላ አይደለም። የከብቱ መሰማሪያ ስለጠበበ ነው። መስኖ በገባበት አገር ሁሉ ይኸው ጥያቄ ይመጣል። ስለዚህ አስቀድሞ ማሰብ ይበጃል።

ከብት በቤታችሁ ስንት ሥራ ይሠራል?

እናንተ ስለ ከብት ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ። ሆኖም አብረን እንቁጠር። በሬ ያርሳል። ላም ትታለባለች፤ ልጅ ይጠጣል፣ ቅቤ ይወጣል። ፍጉ ማሳን ያዳብራል። ኩበቱ ይነዳል። ከሁሉም በላይ፣ ሰው ሲታመም ወይም ዝናብ ሲቀር ጊደር ተሸጣ ቤት ትድናለች። ከብት የገበሬ ባንክ ነው።

ሽንኩርት ከእነዚህ የትኛውን ይተካል? ገንዘቡን ብቻ ነው። አያርስም፣ አይታለብም፣ ፍግ አይሰጥም። ለክፉ ቀንም ለዓመታት አይቀመጥም። ስለዚህ ከብቱን ሁሉ ሸጦ ወደ አትክልት የገባ ቤተሰብ አንድ ሥራ አግኝቶ አራት ሥራ ያጣል። ለውጡ ከከብት መውጣት ሳይሆን ከብትን አሳንሶ፣ አስሮና አጥግቦ መያዝ መሆን አለበት።

በምን ቅደም ተከተል?

አንድ ቤት በምሳሌ እንውሰድ። 2 በሬ፣ 2 ላም፣ 1 ጊደርና 1 ወይፈን አለው። መሬቱ 4 ቃዳ፣ ማለትም 1 ሄክታር ነው። ውሃ የሚደርሰው 2 ቃዳው ላይ ነው። ይህ ቤት ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ ውሃውን ይመርምር። በጥር ሞልቶ የሚፈስ ቦይ በሚያዝያ ላይደርስ ይችላል። አትክልት ደግሞ ቀጠሮ አያውቅም፤ ሲጠማው ይደርቃል። ተራው በስንት ቀን አንድ ጊዜ ነው? ቦዩ ላይ የመጨረሻው ማሳ የማን ነው? የውሃ አባቱ ምን ይላል? የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር በአዋጅ ቁጥር 841/2006 የታወቀ መብት አለው። አባል ሁኑ፤ መተዳደሪያ ደንቡን አንብቡ፤ ማንበብ ያልቻለ ያስነብብ። ተራውን የማያውቅ ሰው ሌሊት በተሰረቀ ውሃ ይጣላል።

ሁለተኛ፣ መኖ ይትከል። ከብት ከመሸጡ በፊት በማሳው ዳርና በእርከኑ ላይ ደሾ ሣር ወይም የዝሆን ሣር ይተከል። ሣሩ ታጭዶ ለታሰረ ከብት ይሰጣል። ከብቱ ስለታሰረ ፍጉ አንድ ቦታ ይጠራቀማል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ በግጦሽ የተበተነ ፍግ ማሳ አይደርስም። ነገር ግን ተጠንቀቁ። ከአትክልት የተረፈ ሁሉ መኖ አይደለም። ሽንኩርት ከነቅጠሉ በብዛት ከተበላ የከብትን ደም ይጎዳል። የድንችና የቲማቲም ቅጠል መርዝነት አለው። የአቮካዶ ቅጠልም ፍየልንና ላምን ይጎዳል፤ የጡት በሽታ አምጥቶ ወተት ሊያደርቅ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ከዚያ በኋላ ከብት ይቀነስ። በመጀመሪያ ወይፈኑ ይሸጥ። ቀጥሎ ከላሞቹ ወተቷ ያነሰችው ትሸጥ። ሁለቱ በሬዎች፣ ደህና የምትታለበው ላምና ጊደሯ ይቆዩ። ጊደሯ የነገ ላም ናት። መኖው ለሁለት በሬ የማይበቃ ከሆነ ከጎረቤት ጋር መቀናጆ አለ፤ ይህ ድሮም የምታውቁት ነው።

አራተኛ፣ አትክልት በጥቂቱ ይጀመር። በመጀመሪያው ዓመት በአንድ ቃዳ ብቻ። ለአንድ ቃዳ ሽንኩርት 1 ኪሎ ያህል ዘር ይበቃል። ችግኙ መደብ ላይ ከ6 እስከ 7 ሳምንት ይቆያል። ወደ ማሳ ከተዛወረ በኋላ ደግሞ ከ3 እስከ 4 ወር ይፈልጋል። ፍጉ በደንብ የበሰበሰ ይሁን፤ ጥሬ ፍግ ችግኝ ያቃጥላል፣ አረምም ያመጣል። ሽንኩርት በነበረበት ማሳ ላይ በማግስቱ ሽንኩርት ወይም ነጭ ሽንኩርት አትድገሙ። ቲማቲምም ድንችን ወይም በርበሬን ተከትሎ አይተከል፤ በሽታቸው አንድ ነው። ባቄላ፣ በቆሎ ወይም ጎመን ይግባበት።

ስለ ፀረ ተባይ መድኃኒት አንድ ቃል። ጠርሙሱ ላይ ያለው የቀለም መስመር ትርጉም አለው። ቀይ ከሁሉ የከፋ አደገኛ ነው፤ ቢጫ ይከተላል፤ ከዚያ ሰማያዊ፣ ከዚያ አረንጓዴ። ከተረጨ ስንት ቀን በኋላ እንደሚለቀም በወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ፊደል የቆጠረ ልጅ ካለ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ። ባዶውን ጠርሙስ የዘይት ወይም የውሃ ዕቃ ማድረግ ሰው ይገድላል።

አምስተኛ፣ ፍራፍሬ ይከተል። በቆጋ አካባቢ አቮካዶ የተከለ ገበሬ አለ። ዛፉ በየ7 ሜትሩ ከተተከለ በአንድ ቃዳ 50 ያህል ይገባል። ውሃ የሚተኛበት መሬት ግን አይስማማውም፤ ሥሩ ይበሰብሳል። ከፍሬ የበቀለ ችግኝ ከ5 ዓመት በላይ ሊያስጠብቅ ይችላል። በሌላ ግንድ ላይ ተቀጥሎ የመጣው፣ የተዳቀለ የሚባለው፣ ከ3 እስከ 4 ዓመት ውስጥ ማፍራት ይጀምራል። እስከዚያ ድረስስ ምን ይበላል? ላሙን ሸጦ አቮካዶ ብቻ የተከለ ሰው «ላም አለኝ በሰማይ» ሆነበት ማለት ነው። ስለዚህ ዛፉ እስኪያድግ በመካከሉ ባቄላና ሽንኩርት ይልማ።

ገበያው

በመስኖ አገር አብዛኛው ገበሬ ሽንኩርቱን በኅዳርና በታኅሣሥ ይተክላል። በመጋቢትና በሚያዝያ ሁሉም አንድ ላይ ይነቅላል። ያን ጊዜ ደላላው ንጉሥ ነው። «የምትሸጥ ከሆነ ሽጥ፣ አለዚያ ተወው» ይላል። ላም ዋጋ ሲያጣ ወደ ቤት ይዘዋት ይመለሳሉ። ቲማቲም ግን በቀናት ውስጥ ይበላሻል። ሽንኩርት አንገቱ ወድቆ ከተነቀለና በጥላ ከደረቀ ጥቂት ሳምንታት ይታገሣል፤ ከዚያ በላይ አታስገድዱት።

መፍትሔው ምንድን ነው? ችግኙን በአንድ ወር ልዩነት በሁለት ዙር ማፍላት ነው። ከአንድ ዓይነት ይልቅ ሦስት ዓይነት ማልማት ነው። ከጎረቤት ጋር ተመካክሮ አንዱ ሽንኩርት፣ ሌላው ድንች፣ ሌላው ቃሪያ መትከል ነው። ተሰብስበው የጭነት መኪና የሚጠሩ አሥር ሰዎች ብቻውን ከሚለምን አንድ ሰው የተሻለ ዋጋ ያገኛሉ።

የቅቤው ብር የማን ነበር?

ይህን ነጥብ አባቶች እንዳትቆጡብኝ። ቅቤውን ንጣ ገበያ የምታወጣው እናት ናት። በዚያ ብር ጨው፣ ሳሙና፣ የልጅ ደብተር ትገዛለች። ሽንኩርቱን ከመኪናው ሥር ቆሞ የሚሸጠው ግን ባል ነው። ላሚቱ በተሸጠች ቀን የእናትየዋ ኪስ አብሮ ተሸጠ ማለት ነው። ሽንኩርቱን ስታርም፣ ስትኮተኩትና ስትነቅል የዋለችው ግን እሷው ናት። በአማራ ክልል በመሬት ይዞታ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ ይገባል። ታዲያ የመሬቱ ደብተር የሁለቱም ከሆነ የሽያጩ ደብተር ለምን የአንዱ ይሆናል?

ለዚህ አንድ ተራ ደብተር ይበቃል። በግራ ገጽ ወጪ ጻፉ፤ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ መድኃኒት፣ የቀን ሠራተኛ፣ ጆንያ፣ መኪና። በቀኝ ገጽ ገቢ ጻፉ። ለምሳሌ 100 ብር ተሸጦ ወጪው 70 ብር ከሆነ ትርፉ 30 ብር ነው፤ 100 አይደለም። ከዚያም ላይ የቀረውን ቅቤና ወተት ገምታችሁ ቀንሱ። ያን ጊዜ ለውጡ ጠቅሞ እንደሆነ ይታወቃል። ባልና ሚስት ተቀምጠው ያንብቡት።

ልጆችም አሉ። ከብት ሲቀንስ እረኛው ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል ብለን ደስ ይለናል። ነገር ግን አረምና ለቀማ የልጅን እጅ ይፈልጋል። ከጅራፍ አላቅቀነው መኮትኮቻ ብናስይዘው ምን ተጠቀምን? የልጁ ወተትም አይረሳ። አንዲት ላም በደጅ ትቅር፤ ከለማው ጎመን፣ ካሮትና ፓፓያም የቤቱ ድርሻ ሳይሸጥ ይቀመጥ።

እንግዲህ ለማጠቃለል፤ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ መኖ፣ ከዚያ ሽያጭ፣ ከዚያ አትክልት፣ በመጨረሻ ፍራፍሬ። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ቤት በአንድ ክፉ ገበያ ባዶ እጁን ይቀራል። የጠበቀ ቤት ግን በሬውም ያርሳል፣ ላሙም ይታለባል፣ ማሳውም በበጋ ይለመልማል። ዛሬ ማታ እሳት ዳር ስትቀመጡ የቤታችሁን ከብትና ውሃ የሚደርሰውን ቃዳ ቆጥራችሁ ጻፉ። ምክክሩ ከዚያ ይጀመር።